አንድ ዘበኛ የቀረለት ዓይን

ሮቤ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የልጅ ልጄ ለጠጄ ለታ
ላይፕዚግ፣ ምሥራቅ ጀርመን

አከም ጅርታ፣ ጠጄ? እኔና አያትሽ ሽቶ፣ ወንድምሽ አያሌው፣ ሚስቱ ሙሉሃብት፣ ፈረሴና ሁለቱ ላሞች ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር በሙሉ ጤና እንገኛለን። ፈረሱን ከላሞቹ ያስቀደምኩት በዕድሜ ነው። አምላክ ከዚያ አገር ብርድ ይሰውርሽ። ሳኔቲ ተራራ ሥር ያደገች ልጅ ጀርመን ሄዳ ብርድ መታት ቢባል ግን የምናፍረው እኛ ነን።

ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ ከፍቶ ለሚያነበው ወንድሜም ሰላምታዬ ይድረሰው። ባለፈው ጊዜ መልሰህ ስታሽገው ሙጫው ፈሶ ሁለት መስመር አጥፍቶብኛልና አሁን በቀስታ፣ ወንድሜ።

አርባ ዓመት ጎባ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ነኝና "ጉዳዩ" ሳልል መጻፍ አይሆንልኝም። ጉዳዩ፦ መነጽር እንዲላክልኝ ስለመጠየቅ። ያለችኝ የቀኝ ዓይኔ ብቻ መሆኗን ታውቂያለሽ። ባለ አንድ መስተዋት ካገኘሽ በግማሽ ዋጋ ተከራከሪ። ሶሻሊስት አገር ውስጥ ሰው በማያይበት መስተዋት አይከፍልም።

ሌላው ወሬ የአያሌው ልጅ ናት። ሰንበቴ አራት ወሯን ያዘች። ከእናንተ ወገን ቆንጆ ስለሌለ በእኔ ወጣች እያልን ነው። ምሽት ላይ ፋኖሱ ፊት ሲያቅፏት የግራ ዓይኗ እንደ ድመት ዓይን ያበራል። አያሌው ከመንግሥት እርሻው ኮምባይነሩን አቁሞ ሲመጣ ጎረቤት ይጠራና ያሳያል። "ልጄ መብራት ይዛ ነው የተወለደችው!" ይላል። እኔም አይቻለሁ። ያበራል።

ሌላ ምን አለ፤ ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ሽቶ "በደንብ ትብላ በልልኝ" ብላለች። ብያለሁ።

አያትሽ ቀነዓ ጉሉማ
ያለ ደመወዝ ጸሐፊሽ

*

ላይፕዚግ፣ ኅዳር 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባባ፤

እጅ ነሥቻለሁ። እግዚአብሔር እርስዎንና አያቴን አኮ ሽቶን ያቆይልኝ። መነጽሩን እልካለሁ፤ ባለ ሁለት መስተዋት ነውና ይታገሡት።

አባባ፣ ዛሬ አልቀልድም። ስለ ሰንበቴ የጻፉትን እንዳነበብኩ ደብዳቤውን በእጄ ይዤ ትምህርቴን ወደምከታተልበት የዓይን ክሊኒክ ሮጥኩ። ፕሮፌሰሬ "ዛሬ ሐኪም ይያት" አለኝ። የሕፃን ዓይን በብርሃን ፊት ነጭ ሆኖ ሲያበራ ቁንጅና አይደለም። ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። ዓይን ውስጥ የሚያድግ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል። ከዓይኑ ሳይወጣ ከተደረሰበት ልጅቷ ትድናለች፤ ወደ አንጎል ካለፈ ግን የሚመልሰው የለም። እባክዎ አያሌውን ያጣድፉት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የእርስዎ የግራ ዓይን እንዴት ነው የጠፋው? ለእኔ ልጅ እያለሁ ጅብ ነው ብለውኛል። ለአያሌው ጣሊያን ነው ብለውታል። ፕሮፌሰሩ "በቤተሰብሽ ዓይኑን ያጣ ሰው አለ?" ሲለኝ፣ አባባ፣ ጅብ ብዬ ልመልስለት አልቻልኩም።

ልጅዎ ጠጄ

*

ሮቤ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ሳትመረቅ ሰው ማስደንገጥ ለጀመረችው ለዶክተር ጠጄ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ በአርባ ቀኑ ገባ። እንደ ተዝካር ቀን ቆጥሮ የሚመጣ ደብዳቤ ደስ አይልም። እንደ ወትሮው ሁሉም ተሰብስበው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የሚነበበውን ማለቴ ነው። ሽቶ "ምነው አጠረ?" አለችኝ። "ጀርመን አገር ወረቀት ተወዷል" አልኳት።

ስለ ሰንበቴ አትጨነቂ። አያሌው ስንዴው ሳይነሳ ኮምባይነሩን ጥሎ መሄድ አይችልም። አለቃው ግማሽ ቀን የቀረውን ሁሉ አሻጥረኛ የሚል ነው። ሙሉሃብት ጸበል እያስጠመቀቻት ነው። ከጥምቀት በኋላ እናያለን።

ስለ ዓይኔ ጠይቀሻል። ጅቡ ለሕፃናት የተዘጋጀ ነው። ጣሊያኑ ለቀበሌ ሊቀመንበር ነው፤ ስብሰባ ላይ ወንበር ያስለቅቅልኛል። ለአያትሽ አባት የቀረበው ግን ጉግስ ነው። ዲንሾ ሜዳ ላይ ፈረሴን ሳስጋልብ የተወረወረ ዘንግ ዓይኔን አገኘው። ሽቶን ያገባሁበት እሱ ስለሆነ ለፕሮፌሰርሽም እሱኑ አቅርቢለት።

ዘር ካላችሁም እንካችሁ፦ ቀነዓ፣ ጉሉማ፣ ጅማ፣ ቦሩ፣ ሮባ፣ ዳዲ፣ ጨሪ። ከራሴ ጀምሬ ሰባት ትውልድ በቃሌ ቆጠርኩልሽ። ከእኔ በላይ ያሉት በሙሉ በሁለት ዓይን ኖረው በሁለት ዓይን ሞተዋል። በዘራችን ምንም የለም።

መነጽሩን ተይው፤ ያየሁት ይበቃኛል። ይልቅ ለራዲዮኔ የባትሪ ድንጋይ ላኪልኝ። የወዚር ሱቅ ድንጋይ ዜናው ሳያልቅ ያልቃል።

አያትሽ ቀነዓ

*

ላይፕዚግ፣ ጥር 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለአባባ ቀነዓ፤

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ድንጋዮቹን ልኬያለሁ። ለራዲዮው አይደሉም፤ ለእጅ ባትሪዎ ናቸው። በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ ቤቱን አጨልሙት። ሰንበቴን እናቷ ትቀፋት። እርስዎ ባትሪውን ከዓይንዎ አጠገብ ይያዙና ከፊት ለፊቷ ዓይኖቿ ላይ ያብሩ። ጤነኛ ዓይን ቀላ ብሎ ወይም ጠቁሮ ይታያል። ነጭ ከታየ ዛሬውኑ ጎባ፣ ከጎባም አዲስ አበባ። ስንዴው ይቆያል፣ አባባ። ይሄ አይቆይም።

ሰባት ትውልድ ቆጠሩልኝ። ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ያደጉ፣ ሁሉም የወለዱ ናቸው። እኛ ዘር ስንቆጥር ሴቶቹንና ሕፃን ሆነው የሞቱትን እንደምንዘል ረስቼው ነበር። እኔ የምፈልገው የተዘለሉትን ነው። እናትዎ ስንት ወለዱ? ስንቱ አደጉ? እርስዎና አኮስ ከአባቴ በፊት ልጅ ነበራችሁ?

ለምን እንደምጠይቅ ልንገርዎ። ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ ልጅ ያድጋል። እድገቱ ልክ ላይ ሲደርስ ግን "በቃ" የሚል ያስፈልጋል። ይህ "በቃ" የሚል ትእዛዝ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ተጽፎ አለ፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ጂን ይሉታል። ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንድ ጎተራ የሚጠብቁ ሁለት ዘበኞች አድርገው ያስቡት። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይበቃል፤ ምንም አይነካም። ሁለቱም በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሲወድቁ ነው ያ ሕዋስ "በቃ" የሚለው አጥቶ ያለ ልክ የሚባዛው። ነቀርሳ ይህ ነው። እኔ ነቀርሳ ክፉ ነገር ሰውነት ውስጥ ሲገባ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጠባቂ ሲጎድልም ይመጣል!

አብዛኛው ሰው ሁለቱንም ዘበኞች ይዞ ይወለዳል። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን አንዱ አስቀድሞ የወደቀበት ይወረሳል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ በዓይኑ ውስጥ በሚያድገው በእያንዳንዱ ሕዋስ የቆመለት አንድ ዘበኛ ብቻ ነው። ከሚሊዮኖቹ የአንዱ ሕዋስ ዘበኛ ከወደቀ ዓይኑ ይታመማል። ይህን መጀመሪያ የደረሰበት አንድ ሐኪም ነው፤ ዘበኛውን ማንም ሳያየው፣ የታመሙትን ሕፃናት መዝገብ ብቻ እያየ በሒሳብ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ዓምና፣ ጂኑን ራሱን ፈልገው አገኙት። ፕሮፌሰሬ ይህን ሲነግረን ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ማንም የሠራው ጥፋት አይደለም፣ አባባ። ግን ይንገሩኝ።

ጠጄ

*

ሮቤ፣ የካቲት 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለጠጄ፤

ሰላም ይብዛልሽ።

ደብዳቤሽን ሰብስቤ አነበብኩላቸው። የዘበኞቹን አንድ ቃል አልዘለልኩም። አያሌው መዳፉን ገልብጦ እያየ "እዚህም ውስጥ ቆመዋል?" አለኝ። ወዚር ባለሱቁ ስሙ ጂን ነው ስለው "ቢስሚላሂ!" ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። እኔም ወፈፍ ያደረገኝ መሰለኝ፤ ያን ሁሉ ሠራዊት በላዬ ይዤ ስንቀሳቀስ መኖሬን ማን ነገረኝ? ከዚያ ስለ ልጆቹ የጠየቅሽው ላይ ስደርስ ሳል ያዘኝ። ወረቀቱን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

አያትሽ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ በስልሳ ዓመቷ፣ ፊደል ቆጥራ የምስክር ወረቀት ተቀብላለች። ያን ወረቀት እያየሁ ስንት ዓመት ስቄባታለሁ። ስስቅባት ማንበብ እንደምትችል ረሳሁት። ሁልጊዜ የማነብላት እኔ ነኛ! ሦስት ቀን ሙሉ፣ እኔ ስወጣ እየጠበቀች፣ በጣቷ እየተከተለች አንብባዋለች። በሦስተኛው ቀን ምሳዬን አቀረበችና "ቀነዓ" አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ "አንቱ" ያለችኝ ሴት ናት።

"ቀነዓ፣ ልጅቷ 'ከአባቴ በፊት ልጅ ነበራችሁ?' ብላለች። ምን ብለህ ልትመልስላት ነው?"

ለእርሷ የነገርኳትን ለአንቺም ልጻፈው።

እናቴ ስድስት ወለደች፤ ሦስቱ ታናናሾቼ ዓይናቸው ምንም ሳይሆን አደጉ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለቱ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ዓይናቸው እንደ ሰንበቴ አበራ፤ ከዚያ አበጠ፤ ሞቱ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የግራ ዓይኔ አብጦ ሲጠዘጥዘኝ ከርሞ ሟሸሸና ተከደነ። እኔ ለምን እንደተረፍኩ እናቴም አላወቀችም። "ቡዳ የገባበት ቤት" እንዳንባል ከዲንሾ ተነሥታ ሮቤ ይዛኝ መጣች። የጉግሱን ወሬ ያስተማረችኝ እርሷ ናት፤ እኔ በሕይወቴ ጉግስ ተጫውቼ አላውቅም። ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ ሽማግሌ ስለ ዘሩ እንደሚመረምር፣ "ደዌ አለባችሁ ወይ?" እንደሚል ታውቂያለሽ። የሽቶ አባት ሲጠይቅ አጎቴ "ዘንግ ነው" ብሎ ማለ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችን ዘውገ ይባል ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው አንድ ምሽት እሳት ዳር እየተጫወተ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ አበራ። ያኔ አወቅሁ፣ ጠጄ። ዝም አልኩ። ሲሞትም ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ሁሉ "እናቱ በቀትር ምንጭ ይዛው ወርዳ ነው፤ አጋንንት ለከፈው" አለ። ሽቶ አመነች። አርባ ሰባት ዓመት በእኔ ነው የሞተው ብላ ኖረች። እኔ ደግሞ አርባ ሰባት ዓመት ሳስቃት ኖርኩ፤ እንዳትጠይቀኝ።

ሰምታ ጨረሰች፤ ሳህኑን አነሣች፤ ወጣች። እስከ ዛሬ አላናገረችኝም።

በማግስቱ ባትሪውን አበራሁ። ቀኙ ቀላ። ግራው እንደ ወተት ነጣ። አያሌው ያን ጊዜ ኮምባይነሩን ትቶት መጣ። ቀበሌው ለይለፍ ወረቀት ማመልከቻ ይቅረብ አለ። ለስንቱ ሰው ስንት ገጽ ያሳመርኩ ሰውዬ "ልጅቷ ታማለች፤ መሄድ አለባት" ከሚል በላይ አልወጣልኝም። ሊቀመንበሩ አንብቦ ቀና ብሎ አየኝና ማኅተሙን አሳረፈ። ጎባ ያለው ሐኪም በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ጻፈልን። ዛሬ ጧት በአውቶቡስ ወጡ።

መነጽርም ድንጋይም አልፈልግም። ይህን ብቻ ንገሪኝ፦ ሰንበቴ ትተርፋለች? እኔ ተናግሬ ቢሆን ዘውገ ይተርፍ ነበር? አንቺስ፣ የለታ ልጅ አይደለሽ?

ቀነዓ

*

ላይፕዚግ፣ መጋቢት 2 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለአባባ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎ።

ሰንበቴ ትተርፋለች ብዬ ልምል አልችልም። ዓይኗን ያወጡታል፤ ይህን አስቀድመው ይወቁ። የሚያወጡት እርሷን ለማቆየት ነው። ነቀርሳው ከዓይኑ ጀርባ ባለው ነርቭ ካልወጣ ትኖራለች። የቀኝ ዓይኗ ግን በየጥቂት ወሩ ይታይ።

ዘውገን በዚያ ዘመን እዚያ አገር የሚያድነው ሐኪም አልነበረም። ቢናገሩም አይተርፍም ነበር። ከአኮ መደበቅዎን በተመለከተ ግን እኔ ልመልስልዎ አልችልም። ለእርሳቸው ይህን ያድርሱልኝ፦ ዘውገን ምንጭ አልገደለውም። ቀትርም አልገደለውም። ከመወለዱ በፊት የጎደለ ነገር ነው።

የእኔ ዓይኖች ታይተው ንጹሕ ናቸው። ነገር ግን አባቴ ለታ፣ በሶማሊያ ጦርነት እስከወደቀባት ቀን ድረስ ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዞ፣ ሳያውቀው የወደቀውን ዘበኛ ለአያሌው አሳልፎታል። እኔም ይዤው ይሆናል፤ ለይቶ የሚነግረኝ ምርመራ እዚህ ገና የለም። ልጅ ስወልድ መጀመሪያ የማየው ዓይኑን ነው።

ስለ እርስዎ ስነግረው ፕሮፌሰሩ ከወንበሩ ተነሣ። ነቀርሳው በራሱ ጊዜ ሞቶ ሰውየው ሲቀር ያየ ሐኪም ጥቂት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ቀኝ ዓይንዎ ነው። በልጅነትዎ እዚያ ውስጥ ሚሊዮን ሕዋሳት ሲባዙ በእያንዳንዱ የቆመው አንድ ዘበኛ ብቻ ነበር። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡት እነዚያ ሁሉ ሳያንቀላፉ ስላደሩ ነው።

ጠጄ

*

ሮቤ፣ ግንቦት 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጠጄ፤

ገለቶሚ፣ ልጄ። ተባረኪ፤ እጅሽ ይባረክ፤ ያስተማረሽ ጀርመንም ይባረክ።

ሰንበቴ ትናንት ቤቷ ገባች። የግራ ዓይኗ ወጥቷል። ነርቩ ንጹሕ ነው ብለው በወረቀት ሰጥተዋቸዋል። አያሌው ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ በየመንገዱ እየቆመ ያወጣዋል። ልጅቷ መዳህ ጀምራ በግራ በኩል ካለው ነገር ሁሉ ጋር ትጋጫለች። እኔም አጠገቧ እየዳህኩ አንገት ማዞር አስተምራታለሁ። እኔን ሁለት ዓመት የፈጀብኝን እርሷ በአንድ ቀን ልትጨርሰው ነው፤ በእኔ ወጣች ያልኩት ውሸት አልነበረም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት ጧት ፊቴን ታጥቤ መስተዋት ፊት ቆምኩ። ቀኝ ዓይኔን አየኋት። ሰባ ሁለት ዓመት ይህን እዪ፣ ያን አንብቢ እያልኩ እንደ ገረድ ሳዛት ኖሬ፣ ዘበኞቹ ስንት ሚሊዮን ሆነው እንደጠበቋት አላውቅም ነበር። ባርኔጣዬን አነሣሁላቸው። እስከ አሁን ድረስ በገባኝ ነገር ሁሉ እንዲህ ተገርሜ አላውቅም።

ዲንሾም ሄጄ ነበር፤ በእናቴ ወገን ያሉ ዘመዶቻችን ዘንድ። የሞቱትንና ሴቶቹን ጨምሬ ዘር ቆጠርኩላቸው። የአክስቴ ልጅ ጤቤ "ለልጄ ሽማግሌ ተልኮ ባለበት ሰዓት! ምላስህን ቆርጠህ ጣል!" ብላ ከቤት አስወጣችኝ። እደጃፏ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስትቆይ፣ ስትቆይ፣ የልጅ ልጇን ታቅፋ ብቅ አለችና "በል አብራ" አለችኝ። አበራሁ። ሁለቱም ቀሉ። ጤቤ እንደ ልጅ አለቀሰች።

አያትሽ ሦስት ወር አላናገረችኝም ነበር። የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ሳልከፍት ሰጠኋት፤ በራሷ ጊዜ አነበበችው። ትናንት "ወረቀት" አለችኝ። ሌላ ቃል የለም። ከዚህ በታች ያለው የእርሷ ነው። ፊደሉን አላረምኩም።

አያትሽ ቀነዓ

ጠጄ ልጄ። እኔ ሽቶ ነኝ። በእጄ ነው የምጽፈው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሰንበቴ ትስቃለች። ትበላለች። ዘውገ በእኔ አልሞተም። አንቺ ጽፈሽዋል እኔም ደግሜ አንብቤዋለሁ። ቀነዓን ገና ይቅር አላልኩትም። ይቆይ። ከእንግዲህ ደብዳቤ በእኔ ስም ላኪ። እሱ ይዘላል።